«ፋይሉ አልተገኘም» ሲባል፦ በቶምካት ላይ በሚሠራ ዲኤችአይኤስ 2 የፋይል ተደራሽነት ችግርን መመርመር

መነሻ

ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ተቋማትን ሪፖርት በአገር አቀፍ ደረጃ በዲኤችአይኤስ 2 ይሰበስባል። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨው ይህ መተግበሪያ በጃቫ የተጻፈ ሲሆን፣ በተለምዶ በቶምካት ሰርቨር ላይ ይሠራል። እንደ ደባርቅና ጃናሞራ ባሉ ደጋማ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በአካባቢው ኮምፒውተር ላይ ሲተከል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትናንት ይሠራ የነበረው መተግበሪያ አልነሣም ሊል ይችላል፤ የወሩ ሪፖርትም ይዘገያል።

የችግሩ ምንነት

የተለመደው የጃቫ ፋይል ማንበቢያ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለውን ስሕተት የሚያወጣው ፋይሉ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ እያለ የማንበብ ፈቃድ ሲከለከልም ያወጣዋል። ትክክለኛው ምክንያት በሎግ መዝገቡ ላይ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ በቅንፍ ይጻፋል። በእጅ የተነሣ ቶምካት ያስነሣውን ሰው ፈቃድ፣ ተለዋዋጮችና የሥራ ማውጫ ይወርሳል። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ግን ቶምካትን በሌላ መለያ የሚያስነሣው ሲስተምዲ ሊሆን ይችላል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ቦታ፦ ዲኤችአይኤስ 2 የማዋቀሪያ ፋይሉን ያለበትን ማውጫ ከሥርዓተ ክወናው ተለዋዋጭ ያነብባል። በአንድ ተጠቃሚ መግቢያ ላይ ብቻ የተጻፈ ተለዋዋጭ በሲስተምዲ ለተነሣ ቶምካት አይደርስም፤ በአገልግሎቱ ማዋቀሪያ ውስጥ መጻፍ አለበት።

2. መለያ፦ ፋይሉ የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል ስለሚይዝ ፈቃዱ 600 እንዲሆን ይመከራል፤ ይህም ማለት የሚያነብበው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለሆነም ባለቤቱ ቶምካት የሚሠራበት መለያ መሆን ይኖርበታል። ወደ ፋይሉ የሚያደርሱት ማውጫዎችም ለዚሁ መለያ ማለፊያ ሊሰጡ ይገባል።

3. አጥር፦ ከዴቢያንና ከኡቡንቱ ማከማቻ በሚጫነው ቶምካት 9 ላይ፣ ሲስተምዲ ከተፈቀዱ ማውጫዎች ውጭ መጻፍን ያግዳል። በቶምካት መለያ በእጅ ሲሞከር መጻፍ ተችሎ መተግበሪያው ግን ካልቻለ፣ ማውጫው በአገልግሎቱ የመጻፊያ ዝርዝር ውስጥ መጨመር አለበት።

ማጠቃለያ

ፈቃዱን ወደ 777 መለወጥ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ችግር አይፈታም። ሁለተኛውን ቢያስታግሥም የጤና መረጃውን ቁልፍ በኮምፒውተሩ ላይ ላለ መለያ ሁሉ ይከፍታል። ፍተሻው በአስተዳዳሪው መለያ ከተደረገ ሁሉ ነገር የተፈቀደ ስለሚመስል፣ ቶምካት በሚሠራበት መለያ ሊከናወን ይገባል።