የቲፑ ሱልጣን የብረት ቱቦ፦ ስለ ጠጣር ነዳጅ ሮኬት አጭር ትምህርት



በ1780 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንድ ፖሊሉር በተባለ ስፍራ፣ የማይሶሩ ገዢ ሃይደር ዓሊና ልጁ ቲፑ የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያን ጦር ሲያሸንፉ ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ሮኬት ነበር። ሮኬት ለእስያ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ባሩዱ የታጨቀበት ቱቦ ከቀርከሃ ወይም ከወረቀት ሳይሆን ከብረት መሠራቱ ነው። ቲፑ በ1799 ከተገደለ በኋላ የተማረኩት ሮኬቶች ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ ዊልያም ኮንግሪቭም ከ1804 ጀምሮ የራሱን እየሠራ ሞከረ።

ብረቱ ለምን ይህን ያህል ለውጥ አመጣ? ነዳጁ ሲነድ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሲወጣ ሮኬቱ ወደ ፊት ይሄዳል። በቱቦው ውስጥ ግፊቱ በጨመረ መጠን ጋዙ በኃይል ይወጣል። ቀርከሃ የማይችለውን ግፊት ብረት ይችላል፤ ስለዚህ ሮኬቱ ሩቅ ሄደ።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ግፊት ሲጨምር ነዳጁም ፈጥኖ ይነዳል። የመንደድ ፍጥነቱ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር የሚያድግ ነዳጅ እንውሰድ። የሚፈጠረው ጋዝ በሚነደው ገጽ ስፋትና በግፊቱ ስኩዌር ሩት ብዜት ልክ ነው፤ የሚወጣው ግን በግፊቱ ልክ ነው። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ፣ ስፋቱ 2 እጥፍ ቢያድግ ግፊቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ስፋቱን ለመጨመር ደግሞ ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ ወይም የአየር አረፋ ይበቃል። ጠጣር ነዳጅ አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያ የለውም፤ ቱቦው ከፈነዳ ያ ጠንካራ ብረት ፍንጣሪ ይሆናል።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የሞዴል ሮኬት ማኅበር ደንብ ከቲፑ በተቃራኒው የሚሄደው፦ የሮኬቱ አካል ብረት ያልሆነ ቀላል ነገር፣ ሞተሩም በፋብሪካ ተሠርቶ የተፈተሸ ይሁን ይላል። ሞተር ሲፈተሽ በማቆሚያ ላይ ታስሮ፣ ከርቀት በኤሌክትሪክ ተለኩሶ፣ ገፊ ኃይሉ በየቅጽበቱ ይመዘገባል። በግራፉ ሥር ያለው ስፋት የሞተሩን ጠቅላላ ኢምፐልስ ይሰጣል።

ዶርም ውስጥ ባሩድ ለመቀመም ያሰበ ካለ አንድ ነገር ያስብ፦ በጎኑ የተኛው ጓደኛው በሙከራው አልተስማማም። የሚሻለው ከስሌቱ መጀመር ነው። እስኪ ሞክሩት፦ ስፋቱ በግማሽ ቢጨምር የዚያው ነዳጅ ግፊት ስንት እጥፍ ይሆናል? 2.25 ካገኛችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል።