ሳይቀልጡ መጋጠም፦ የሰበቃ ብየዳና የአልሙኒየም ቅይጥ ጥንካሬ

ሁለት የአልሙኒየም ቅይጥ ሰሌዳዎች በሰበቃ ተበይደው እስኪበጠሱ ድረስ ቢሳቡ የሚበጠሱት የት ላይ ነው? አብዛኞቻችን «መጋጠሚያው ላይ» እንላለን። ብዙውን ጊዜ ግን የሚበጠሱት ከመጋጠሚያው መሃል ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ መሣሪያው ባላማሰለው ስፍራ ነው። ለምን?

በየጋራዡ የምናየው ብየዳ ብረቱን አቅልጦ የሚያያይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው የማማሰል ሰበቃ ብየዳ ግን ከዚህ ይለያል። ጫፉ ሾል ያለ ጠንካራ መሣሪያ እየተሽከረከረ በሰሌዳዎቹ መገናኛ ውስጥ ይሰምጥና መሥመሩን ይዞ ይጓዛል። ከሰበቃው የሚገኘው ሙቀት ቅይጡን ያለሰልሰዋል እንጂ አያቀልጠውም። ገንፎ ሲገነፋ ያየ ሰው ቀሪውን ለመገመት አይቸገርም።

6061 የተሰኘውን ቅይጥ እንውሰድ። መቅለጥ የሚጀምረው በ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በብየዳው ጊዜ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ይደርሳል። በተማሰለው ክፍል ያሉት ክሪስታሎች ተሰባብረው እንደ አዲስ ይሠራሉ፤ መጠናቸውም ወደ ጥቂት ማይክሮሜትር ይወርዳል። ክሪስታሎች ሲደቁ ብረት እንደሚጠነክር በትምህርት ቤት ተምረናል። ታዲያ መጋጠሚያው ከቀድሞው ሰሌዳ ሊበልጥ አይገባውም ነበር?

የዚህ ቅይጥ ጥንካሬ ዋና ምንጭ ግን ሌላ ነው። ማግኒዚየምና ሲሊከን ተሰባስበው በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶችን ይሠራሉ። ቅይጡ ሲሳብ የአቶሞች ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተቱ ይሞክራሉ፤ ቅንጣቶቹም መንገዱን ይዘጉባቸዋል። ፋብሪካው እነዚህን ቅንጣቶች የሚያበጀው ቅይጡን በ170 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት በማቆየት ነው።

ብየዳው ይህን ሥራ ያፈርሰዋል። በመሃሉ ቅንጣቶቹ ይሟሟሉ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ከፊሎቹ ቀስ በቀስ ዳግም ይፈጠራሉ። ከጎኑ ያለው ስፍራ የከፋ ዕጣ ይገጥመዋል፦ ሙቀቱ ቅንጣቶቹን ፈጽሞ ለማሟሟት አይበቃም፣ ለማወፈር ግን ይበቃል። ደቃቆቹ ጠፍተው ጥቂት ትልልቆች ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ረድፎቹም በቀላሉ ያልፋሉ። 310 ሜጋፓስካል ገደማ የነበረው ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ወደ 200 አካባቢ የሚወርደው በዚህ የተነሳ ነው።

መሣሪያውን በፍጥነት ማስኬድ ሙቀቱን ይቀንሳል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ቅይጡ በቂ ሳይለሰልስ ይቀርና በውስጡ ከውጭ የማይታይ ዋሻ ይፈጠራል። በእኛ አመለካከት ይህኛው የባሰ ነው፤ የጥንካሬን መቀነስ መሐንዲሱ አስቀድሞ ሊያሰላው ይችላልና። ጥንካሬው በእነዚህ ቅንጣቶች ላይ ያልተመሠረተው 5083 የተሰኘው ቅይጥ፣ አስቀድሞ በሙቀት የለሰለሰ ከሆነ፣ ተበይዶም የቀድሞ ጥንካሬውን ከሞላ ጎደል ይዞ ይቆያል።