ለይቶ መግለጽ፦ ኮሰረትና የወፍ ቆሎ

አንድን ነገር በጽሑፍ መግለጽ ማለት አንባቢው ያንን ነገር ከሚመስሉት ሌሎች ነገሮች ለይቶ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ስለዚህ በገላጭ ድርሰት ውስጥ የቅጽል ዋና ተግባር ማስጌጥ ሳይሆን መለየት ነው። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ።

«ይህ ተክል ቅጠሉ ሻካራ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ አበባው ጥቃቅን የሆነ ቁጥቋጦ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የተገለጸው ተክል የትኛው ነው? ኮሰረት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የወፍ ቆሎ ነው ቢባልም ያስኬዳል። ሁለቱም ቨርቤና በሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደቡ ስለሆኑ መልካቸው ይቀራረባል። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር የሚጨመር ቅመም ሲሆን፣ የወፍ ቆሎን ቅጠል የበላ ከብት ግን ጉበቱ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ጎደሎ ገለጻ አንባቢን ከማሳሳት አልፎ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ኮሰረት በጓሮ የሚተከል፣ ቅጠሉ ፊት ለፊት ጥንድ እየሆነ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ግንዱ እሾህ የለውም። አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ደስ የሚል ጠረን ይሰጣል፤ ሲደርቅም ጠረኑ አይጠፋም። የሳይንስ ስሙ ሊፒያ አዶኤንሲስ ነው። ‹ሊፒያ› እ.ኤ.አ. በ1705 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ሰናር ላይ ለተገደለው ፈረንሳዊ ሐኪም ለሊፒ መታሰቢያ የተሰጠ ስም ሲሆን፣ ‹አዶኤንሲስ› ደግሞ የዓድዋ ማለት ነው። የወፍ ቆሎ ግን ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል የመጣ ነው። ግንዱ ጥቃቅን እሾህ አለው፤ በአንድ ዘለላ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ አበባ ተደባልቆ ይታያል፤ ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል።»

በዚህ አንቀጽ «እሾህ የለውም» የሚለው ሐረግ አጭር ቢሆንም ሁለቱን ተክሎች ይለያል። «ደስ የሚል» የሚለው ግን የጸሐፊውን ስሜት እንጂ የተክሉን ምልክት አይነግረንም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እየሰፉ በሄዱ መጠን ቀድሞ እርሻና ጓሮ በነበረው መሬት ላይ ቤቶች ተሠርተዋል። ጓሮ ሲጠብ ተክሉ ብቻ ሳይሆን ስሙንና ምልክቱን የሚያውቀው ሰውም ይቀንሳል። ኮሰረትን በገበያ ደርቆና ተፈጭቶ ብቻ ያየ ልጅ፣ ቁጥቋጦውን ሊያውቀው የሚችለው በሚገባ ከተጻፈ ገለጻ ነው።

መልመጃ

1. በአንቀጹ ውስጥ ለሁለቱም ተክሎች ሊነገር የሚችለውን ሐረግ አውጥታችሁ ጻፉ። ለምን እንደማይለይ አስረዱ።

2. «ደስ የሚል ጠረን» የሚለውን ሐረግ ይበልጥ ለይቶ በሚያሳውቅ ሐረግ ተኩ።

3. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ተክሎች የሚመሳሰሉ ሁለት መርጣችሁ፣ ሳትቀምሱ፣ በማየትና በመጠየቅ ብቻ መርምሩ። በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጠሩበትን ስም ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ በአንድ አንቀጽ ግለጿቸው። ጓደኛችሁ አንብቦ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቀ፣ የጎደለውን ምልክት ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ።