ከሰላምታው በኋላ ያለው ጨዋታ

ሰላምታ አያጋልጥም
ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ መርሳት የጀመራቸው አንዲት አዛውንት ቤት ገብታችሁ ብትጠይቋቸው፣ «እንደምን ከረማችሁ? ልጆች ደኅና ናቸው?» ብለው ምርቃቱን ያዘንቡላችኋል። ጎረቤት «እማማ እኮ ምንም አልሆኑም» የሚለው ይህን ሰምቶ ነው። ሰላምታና ምርቃት ግን በመደጋገም ብዛት ሳይታሰብ ከአፍ ይወጣል፤ የመርሳት በሽታም ቶሎ አይነካውም። ልብ ብላችሁ መስማት ያለባችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ ነው።

ቀድሞ የሚጠፋው
ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው። እሱ ሲጀምር ከንግግር ብዙ ጊዜ የነገሮች ስም ይጠፋል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲያወርዱ የኖሩ እናት ገመድ ለመጠየቅ «ያን እንትን፣ የምናስርበትን» ይላሉ። ጤነኛ ሰውም ስም ይጠፋዋል፤ ቆይቶ ግን ይመጣለታል። በበሽታው ጊዜ «እንትን» እና «እሱ» እየበዙ ሰሚው ስለማን እንደሚወራ ግራ ይገባዋል። የተመለሰ ጥያቄ ወዲያው ደግሞ ይጠየቃል። ሰዋስው ግን ለረጅም ጊዜ አይፈርስም፤ ግሱ በትክክል ይረባል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ቤተሰብ የሚዘናጋው በዚህ ነው።

አፍ የፈቱበት ቋንቋ
በኦሮምኛ አፋቸውን ፈትተው አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ የኖሩ አባት፣ በሽታው ሲገፋ ወደ ኦሮምኛ ሊመለሱ ይችላሉ። ቋንቋውን የማያውቁ ልጆች «ይቀባጥራል» ይላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰውየው የሚሰማቸው አጡ እንጂ ንግግራቸው ትርጉም ነበረው። ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠርታችሁ አጫውቷቸው።

ስናናግራቸው
«እስቲ እኔ ማን ነኝ?» አትበሉ፤ ያሳፍራቸዋል። «እማዬ፣ ትንሿ ልጅሽ ነኝ» ብሎ መጀመር ይሻላል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁና ታገሡ። «ምን ይምጣ?» ከሚለው «ሻይ ወይስ ቡና?» ይቀላል።

ሐኪም ዘንድ
እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚወስዷቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሐኪምም ይያቸው። የጆሮ መድከም፣ ድባቴ፣ የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሕክምናም አላቸው። ለምርመራ ስትሄዱ ትምህርት ቤት ገብተው እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማንበብና መጻፍ የሚጠይቅ ፈተና ያልተማረን ጤነኛ ሰው በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ንግግራቸው በድንገት ከተያዘ ወይም አፋቸው ከተጣመመ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነጋ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሷቸው።