ቀይ ቀበሮ፦ በስሙ ቀበሮ፣ በዘሩ ተኩላ

ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘሩ ከተኩላ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት፣ እንስሳው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫ ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮት እንደሚቀርብ አሳይቷል። የባሌ ኦሮሞዎች ደግሞ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችን እየተከተለ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል።

እግሮቹ ረጃጅም፣ አፈሙዙ ቀጭንና ሹል ነው። ጸጉሩ ቀይ ሲሆን ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ወንዱ በአማካይ 16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች።

መኖሪያው ዛፍ የማይበቅልበት፣ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ውርጫማ ደጋ ነው፦ የባሌው ሳነቴ አምባ፣ የሰሜን ተራሮች፣ አርሲ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ መንዝ ጓሳ። ለአቅመ ልደት የደረሱት በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል በመሆኑ ለአንድ ፍልፈል ረዳት አያስፈልገውም። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ከመንጋው ጋር የግዛቱን ድንበር በሽንት ምልክት ያድሳል። በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ የዋጡትን ሥጋ መልሰው በማውጣት ቡችሎቿን ይመግባሉ።

በጓሳ የታየው ልማዱ ይበልጥ ያስገርማል። በጭላዳዎች መካከል እየተዘዋወረ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ገደማ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ግልገሎቻቸውን ባለመንካቱ ሳይታመን አልቀረም።

ትልቁ ጠላቱ አዳኝ አውሬ ሳይሆን የቤት ውሻ ነው። እርሻና ግጦሽ ወደ ተራራው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ውሻው አብሮ ይወጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስቴምፐር የተባለውን ተላላፊ ቫይረስ ይዞ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ የተቀሰቀሰው የእብድ ውሻ በሽታ መንጋዎችን እስከ መፍጀት ደርሶ ነበር። ለውሾች ክትባት መስጠት ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ከ2018 ጀምሮ ክትባት የተደበቀበት የፍየል ሥጋ በምሽት በመኖሪያው እየተጣለ፣ ቀበሮው ራሱ በልቶ እንዲከተብ ይደረጋል።