የጨጓራ ባክቴሪያና ስኳር በአረጋውያን ላይ

አያቴ ሰባ አራት ዓመት አልፏቸዋል። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ጨጓራቸውንማ ስለለመዱት እንደ በሽታም አይቆጥሩት፤ ሲያቃጥላቸው ኦሜፕራዞል ይውጣሉ፣ በቃ። ባለፈው ዓመት እግራቸው እየደነዘዘ ሲያስቸግራቸው የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የጤና ተማሪ ነኝ የምለው እኔም ጭምር፣ «ስኳሩ ነው» ብለን ዘጋነው። በኋላ ሲመረመሩ ግን ቫይታሚን ቢ12 በጣም አንሶ ተገኘ፤ በሰገራ ምርመራም ኤች ፓይሎሪ ታየ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው ይህ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይይዝና ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዩሪኤዝ በሚባለው ኢንዛይሙ አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል። ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደተቆጣ፣ በ2005 ደግሞ ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል እንደተሸለመ ክፍል ውስጥ ስለተማርነው አልደግመውም።

ታዲያ ባክቴሪያው ስኳር ያመጣል ወይ? መጀመሪያ «አዎ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ አማካሪዬ በቀይ ሰረዙልኝ። ልክ ናቸው። በርካታ ጥናቶች ባክቴሪያው ባለባቸው ሰዎች ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ደከም ብሎ አግኝተዋል። ነገር ግን ዕድሜና የኑሮ ሁኔታ ከሁለቱም ጋር ስለሚያያዙ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ያስቸግራል። ባክቴሪያውን ማጥፋት ስኳርን ያስተካክላል ወይ በሚለውም ላይ ውጤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ለእኔ ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ለዓመታት የተቆጣ ጨጓራ ግድግዳው እየሳሳ፣ አሲዱም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ቢ12ን ከምግብ ለማላቀቅም ሆነ ብረትን ለማሟሟት ደግሞ አሲድ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ሜትፎርሚን ቢ12 ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያዳክማል፤ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አሲዱን ይበልጥ ያወርደዋል። ሦስቱ በአንድ አረጋዊ ላይ ሲገናኙ መደንዘዙ ከስኳር ይምጣ ከቢ12 በዓይን አይለይም። የብረት ማነስም ሌላ ወጥመድ አለው፦ የሦስት ወር ስኳር የምንለውን ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይተን መድኃኒት ብንጨምር ስኳራቸው ያለ ልክ ይወርዳል።

ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። ለባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲን ያለበት መድኃኒት ሲሰጣቸው ሌላ ምን እንደሚወስዱ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አልተናገርኩም። ክላሪትሮማይሲን የግሊቤንክላማይድን ኃይል ሊያበረታው ይችላል። በሦስተኛው ሌሊት ላብ አጥምቋቸው፣ አንደበታቸው ተሳስሮ አገኘናቸው። ስንለካ 48 ነበር። ደግነቱ መዋጥ ስላላቃታቸው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተን ወደ ሐኪም ሮጥን። የግሊቤንክላማይዱ መጠን የተቀነሰው ያኔ ነው።

ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አይረዳም፤ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላልና። ሕክምናው ካለቀ ከአራት ሳምንት በላይ፣ ኦሜፕራዞሉም ከቆመ ሁለት ሳምንት ጠብቀን በሰገራ አስመረመርናቸው፤ ኔጋቲቭ ሆነ። አሁን ቢ12 በመርፌ ይወስዳሉ። መደንዘዙ ቀንሷል፤ ስኳሩ ግን እንዳለ ነው።