የሚለጠጥ ሽቦ፦ ፈሳሽ ሜታል በጤና መለኪያዎች ውስጥ



የመዳብ ሽቦ ደጋግሞ ከታጠፈ ይበጠሳል። ክርናችንና ጉልበታችን ግን ቀኑን ሙሉ ይታጠፋሉ። ሰውነት ላይ የሚለበስ የጤና መለኪያ ለመሥራት ስናስብ የሚገጥመን አንዱ ችግር ይህ ነው።

አንዱ መፍትሔ ጋሊየም ነው። በ29.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ መዳፍ ላይ ሲያዝ ይፈሳል። 75 በመቶ ጋሊየም ከ25 በመቶ ኢንዲየም ጋር ሲቀላቀል መቅለጫው ወደ 15.5 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። እንደ ሜርኩሪም መርዛማ ትነት አያወጣም።

አሠራሩን እንመልከት። ድብልቁ በሲሊኮን ጎማ ውስጥ በተሠራ ቀጭን ቦይ ይሞላል። ጎማው ሲሳብ ቦዩ ይረዝማል፣ ይቀጥናልም። የፈሳሹ መጠን ስለማይለወጥ ርዝመቱ 2 እጥፍ ሲሆን ክሮስ ሴክሽኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሬዚስታንሱም 4 እጥፍ ይሆናል። ይህን ለውጥ በመለካት ጣት ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ደረት በትንፋሽ ምን ያህል እንደሰፋ እናውቃለን። ለስላሳ ሮቦትም የገዛ እጁን መታጠፍ በዚሁ መንገድ ሊያውቅ ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጋሊየም አሉሚኒየም ውስጥ ሰርጎ ስለሚያሰባብረው ማገናኛው ከአሉሚኒየም መሠራት የለበትም። ሁለተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከተናል፦ ክንድ ላይ የተለጠፈ ጎማ የውዱእ ውሃ ቆዳ እንዳይነካ ይከለክላል። የሕመምተኛን ሑክም ለዑለሞቻችን እንተዋለን። በቀላሉ የሚወልቅና መልሶ የሚለጠፍ አድርጎ መንደፍ ግን የእኛ ሥራ ነው። ለመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ወንድምና እህቶች፣ ከዚህ ጀምሩ።

ወላሁ አዕለም።